ከነጥቡ በኋላ ያሉት ሁለት ቤቶች

(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሙያህ አንድ ነገር ምረጥና አካፍለን» ሲለኝ ትንሽ አመነታሁ። በእኛ ሙያ አሁን የሚወራው ስለ ትልልቅ ነገር ነው። እኔ ግን ትንሽ ነገር መረጥኩ፦ በቁጥር መሃል የምትቀመጠውን ነጥብ፣ ከእሷም በኋላ ያሉትን ሁለት ቤቶች። አንደኛ ደረጃ ሳለን የአንድ ቤት፣ የአስር ቤት፣ የመቶ ቤት እየተባልን የተማርነውን አስታውሱ። ከነጥቡ በስተቀኝ ያሉትም ቤቶች ናቸው። ብር ስንቆጥር ሁለቱ ቤቶች ላይ እንቆምና ሳንቲም እንላቸዋለን። ድረ ገጽ ላይ «7.29 ብር» የሚል ጽሑፍ ስታዩ፣ ያ ቁጥር እዚያ እስኪደርስ ድረስ ማን ምን እንደወሰነ ነው የማወራችሁ። የሒሳብ ዲፓርትመንት ሰዎች ታገሡኝ፤ ግማሹ የእናንተው ትምህርት ነው።

ድረ ገጽ መሥራት የጀመረ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያየው ጉድ አለ። ጃቫስክሪፕትን «0.1 ሲደመር 0.2 ስንት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት 0.30000000000000004 ብሎ ይመልስላችኋል። ልጁ ይደነግጣል፤ ቀጥሎ ቋንቋውን ይሰድባል። ጥፋቱ ግን የጃቫስክሪፕት ብቻ አይደለም። አብዛኞቹ ቋንቋዎች ነጥብ ያለውን ቁጥር የሚያስቀምጡት እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው አይ ትሪፕል ኢ 754 በሚባለው ደረጃ ነው። ለእያንዳንዱ ቁጥር 64 ቢት ይሰጣል፦ አንዱ ለምልክቱ፣ 11ዱ ለመጠኑ፣ 52ቱ ለአሃዞቹ። የዚህ ሥራ ዋና መሪ የነበሩት ፕሮፌሰር ዊሊያም ካሃን እ.ኤ.አ. በ1989 የቱሪንግን ሽልማት አግኝተውበታል። ሥራው ጥሩ ሥራ ነው። ችግሩ ማሽኑ የሚቆጥረው በሁለት በሁለት እየከፈለ መሆኑ ነው፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ የሩብ ግማሽ እያለ ይወርዳል። እኛ አንድ ሦስተኛን በአስርዮሽ ስንጽፍ 0.333 እያልን እንደማንጨርሰው ሁሉ፣ እሱም አንድ አሥረኛን መጨረስ አይችልም። ሲደክመው የሆነ ቦታ ላይ ያቆማል።

ይህንን በሳንቲሞቻችን ላስረዳችሁ። አንድ፣ አምስት፣ አስር፣ ሃያ አምስት፣ ሃምሳ ሳንቲም ነበረን። ከእነዚህ ውስጥ ማሽኑ በብር ክፍልፋይ በትክክል የሚያውቃቸው ሁለቱን ብቻ ነው፦ ስሙኒንና ሽልንግን። ስሙኒ ሩብ ናት፣ ሽልንግ ግማሽ ናት። አስር ሳንቲም፣ አምስት ሳንቲም፣ አንዲቷም ሳንቲም ለእሱ ግምት ናቸው። ከዜሮ እስከ ዘጠና ዘጠኝ ካሉት መቶ የሳንቲም ዓይነቶች ዘጠና ስድስቱ ግምት ናቸው ማለት ነው። ግምቱ በጣም ቅርብ ስለሆነ ማንም አይጎዳበትም። የሚጎዳው ለማሳየት ስንቆርጠው ነው።

ጃቫስክሪፕት ለማሳያ የሚሆን ቱፊክስድ የሚባል መሣሪያ አለው። «ሁለት ቤት ስጠኝ» ስትሉት ሁለት ቤት ይሰጣችኋል። ግን 1.005ን ሁለት ቤት አድርግልኝ ብትሉት 1.00 ነው የሚላችሁ፤ 1.01 አይደለም። 2.45ን አንድ ቤት አድርግ ስትሉት 2.5 ይላል፤ 2.55ንም አንድ ቤት አድርግ ስትሉት ያው 2.5 ይላል። ኧረ እንዴት? 2.45 ማሽኑ ውስጥ ሲቀመጥ በጭላጭ ተርፏል፤ 2.55 ግን በጭላጭ ጎድሏል፤ ስለዚህ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ሄደ። ደግሞ መሣሪያው የሚመልሰው ቁጥር አይደለም፣ ጽሑፍ ነው። ይህን ያላስተዋለ ፕሮግራመር 12.50ን ከ3.00 ጋር ደምሬያለሁ ሲል 12.503.00 የሚል ነገር ገጹ ላይ ይወጣለታል። ይሄኛውስ ደግ ነው፣ ማንም ስላየው ይታረማል። ክፉው የማይታየው ነው። ከአንድ ሳንቲም ያነሰ ተቀናሽ፣ ለምሳሌ 0.001 ሲቀነስ፣ በሁለት ቤት ሲታይ ‎-0.00 ሆኖ ይወጣል። አንድ እናት ሒሳባቸው ላይ የመቀነስ ምልክት ካዩ ዕዳ አለብኝ ብለው ነው የሚያድሩት፤ ዜሮ መሆኑን ማን ያስረዳቸዋል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር የኅብረት ሥራ ማኅበር ለምክር ጠራኝ። ስሙንም ከተማውንም አልናገርም፤ ሲስተሙን የሠራላቸውንም ድርጅት እንዲሁ። 600 አባላት አሉት፤ እያንዳንዱ እኩል 1,250 ብር የግዴታ ቁጠባ አለው። ወለዱ በዓመት 7 በመቶ ሆኖ በየወሩ ይታሰባል፣ ወደ ሌላ ደብተር ስለሚዞርም 1,250ዋ አትነካም። በየወሩ መጨረሻ ገንዘብ ያዧ ገጹን ይከፍታሉ፣ ዝርዝሩን ያትማሉ፣ ለየአባሉ ደብተር ላይ በእጃቸው ይጽፋሉ። ገጹ ላይ በየስሙ አንጻር 7.29 ብር ይላል። ከግርጌ ድምር 4,375.00 ብር ይላል።

አንድ ቀን የቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ በሒሳብ ሠራተኝነት ጡረታ የወጡ ጠንቃቃ ሰው፣ 600ን በ7.29 አባዙት። 4,374.00 መጣ። የባለፈውንም ወር አዩ፤ አንድ ብር ጎድሏል። የዚያ በፊቱንም፤ አንድ ብር። 14 ወር ወደ ኋላ ሄዱ፣ 14 ብር። ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር ቀላል ነበር፦ ኮምፒዩተሩ 4,375 ብር ለአባላት አውጥቷል፣ ደብተር ላይ የገባው 4,374 ነው፣ በመሃል ያሉት ደግሞ ገንዘብ ያዧ ብቻ ናቸው።

14 ብር ምን ታደርጋለች ትሉ ይሆናል። እነሱን ያስደነገጣቸው መጠኑ አልነበረም፤ በየወሩ እኩል መሆኑ ነበር። የሰው ስሕተት አንዴ ይበልጣል አንዴ ያንሳል። በየወሩ ቁርጥ አንድ ብር ከሆነ ግን ሆን ተብሎ የሚወሰድ ይመስላል። «በትንሹ እየለመደች ነው» የሚል ነገር በስብሰባ ተነገረ። ሴትዮዋ ከሥራ ታገዱ። እኔ ስደርስ ሁለተኛ ወራቸውን ቤት ተቀምጠው ነበር።

የሠራሁት ነገር አምስት ደቂቃ የፈጀ ነው። ገጹ ከነጥቡ በኋላ ስድስት ቤት እንዲያሳይ አደረግኩት። 7.29 የነበረው 7.291667 ሆነ። ሰብሳቢው ዝም ብለው አዩት፣ ወረቀት አወጡ፣ የ1,250ን 7 በመቶ 87.50 ብለው ጻፉ፣ ለ12 አካፈሉ፣ 7.2916 ላይ ሲደርሱ እርሳሱን አስቀመጡት። ሲስተሙ ድምሩን የሚሠራው ካልተቆረጠው ቁጥር ነው፤ ለዓይን የሚያሳየው የተቆረጠውን ነው። በ600 ሰው ሲባዛ ልዩነቱ ልክ አንድ ብር ይሆናል። ብሯ የትም አልሄደችም፤ ከማኅበሩ ሒሳብ ወጥታም አታውቅም። ወይዘሮዋ ሥራቸው ላይ ተመለሱ፣ የሁለቱ ወር ደመወዝ ተከፈላቸው። ወቀሳው የተነገረው በጠቅላላ ስብሰባ ነበር፣ ይቅርታው ግን በቢሮ ውስጥ ነው የተነገራቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የሙያ ጓደኞቼ ይህንን ስነግራቸው ብዙዎቹ ወዲያው «አዎ፣ የባይነሪ ችግር ነው» ይሉኛል። አይደለም። ማሽኑ አስርዮሽን እንደ ሰው በትክክል ቢያውቅ ኖሮም አንዷ ብር ትጎድል ነበር። 87.50ን ለ12 ማካፈል በእርሳስም አያልቅም። ጥፋቱ ያለው አንዱ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር ጎን ለጎን በመቀመጡ ነው፤ የተጠጋጋና ያልተጠጋጋ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው።

በትልልቆቹም ደርሷል። በካናዳ የቫንኩቨር የአክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. በ1982 አዲስ ኢንዴክስ በ1,000 ነጥብ ጀመረ። ግብይት በተካሄደ ቁጥር ኢንዴክሱ እንደገና ይሰላል፤ ውጤቱም ከሦስተኛው ቤት በኋላ ያለው ሳይጠጋጋ ይቆረጥ ነበር። መቁረጥ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው። በቀን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲቆረጥ ቆይቶ በኖቬምበር 1983 ኢንዴክሱ 524.811 ላይ ደረሰ፣ ገበያው ግን እንዲያ አልወደቀም። እንደገና ሲሰላ 1,098.892 ሆኖ ተገኘ። ግማሹ ጠፍቶ ነበር፤ የጠፋውም ከሦስተኛው ቤት በኋላ ባለው ጭላጭ ነው።

ታዲያ ምን አደረግን? ለዚያ ማኅበር መጀመሪያ ያልኩት ብርን ትታችሁ ሳንቲም ቁጠሩ ነው። ዳታቤዙ ውስጥ 7.29 የሚባል ነገር አይኑር፤ 729 ሳንቲም ይኑር፣ ሙሉ ቁጥር። ጃቫስክሪፕት ሙሉ ቁጥርን እስከ 9,007,199,254,740,991 ድረስ ያለ አንዳች ግምት ይይዛል፤ በሳንቲም ሲታሰብ ከ90 ትሪሊዮን ብር በላይ ነው፣ ለአንድ ቁጠባ ማኅበር አይጠብም። ነጥቧ የምትገባው ገጹ ላይ ሊጻፍ ሲል፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት ብቻ ነው። አንዴ ነጥብ ገብቶበት ጽሑፍ የሆነው ደግሞ ወደ ስሌት አይመለስም።

ግን ሳንቲም መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ የወሩ ወለድ 729.1666 ሳንቲም ነውና አንድ ሰው መወሰን አለበት። ማን ይወስን? ፕሮግራመሩ አይደለም፣ እኔም አይደለሁም። ገንዘቡ የአባላቱ ስለሆነ ለጠቅላላ ጉባኤ ቀረበ፤ እያንዳንዱ አባል ወለዱ ወደ ቅርቡ ሳንቲም ይጠጋጋለት፣ ድምሩም ከተጠጋጋው ይደመር፣ የምትቀረው ወደ መጠባበቂያ ትግባ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ጉባኤው ላይ ስለ ስድስተኛ ቤት ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። ከሠራኋቸው ስብሰባዎች ሁሉ የወደድኩት ያንን ነው።

ይህ ውሳኔ በየቦታው አለ፣ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ ሳንወያይበት ማሽኑ ይወስንልናል። ልክ መሃል ላይ የወደቀ ቁጥር ወዴት ይሂድ? 2.5ን ወደ ሙሉ አጠጋጋ ስትሉት የፓይተን ራውንድ 2 ይላል፣ የጃቫስክሪፕቱ ቱፊክስድ 3 ይላል። ፓይተን ወደ ተጋማሹ ቁጥር የሚሄደው ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ ከተሄደ ድምሩ እያበጠ ስለሚመጣ ነው፤ ምክንያቱ ደህና ነው። ነገር ግን ሰርቨሩ በፓይተን፣ ገጹ በጃቫስክሪፕት ከሆነ፣ ደረሰኙና ስክሪኑ ይጣላሉ። ግብር ላይም እንዲሁ። 45.35 ብር የሚሸጥ ዕቃ ሦስት ገዛችሁ እንበል፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በየዕቃው ታስቦ ከተጠጋጋ 6.80 ሦስት ጊዜ፣ 20.40 ነው። ከጠቅላላው 136.05 ላይ ከታሰበ ግን 20.41 ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የቱ እንደሆነ ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት። እቁብተኞች 100 ብር ለሦስት ሲካፈሉ 33.33 ደርሷቸው የቀረችው ሳንቲም የማን ናት ቢባል በእጣ ይጨርሱታል። እጣውን ፕሮግራሙ ውስጥ ማንም ሳያይ ማውጣት ነው ነውሩ።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ ታውቃላችሁ። ጀርመን ያለ ሰው አንድ ሺህ አምስት መቶን 1.500,00 ብሎ ይጽፋል፤ ነጥቡ የሺህ መለያ፣ ኮማው የሳንቲም ነው። አዲስ አበባ ያለው 1,500.00 ይላል። ፓርስ ፍሎት የሚባለው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ የመጀመሪያውን 1.5 ብሎ ያነበዋል፤ ሁለተኛውን ኮማው ላይ ቆሞ 1 ይለዋል። ሁለቱም ሰዎች አንድ ሺህ አምስት መቶ አዋጣን ብለው ተኝተዋል። ኩዌት ያላችሁ ደግሞ አንድ ዲናር 1,000 ፊልስ ስለሆነ ሦስት ቤት ነው የምትቆጥሩት፤ 25.375 ዲናር ልካችሁ ገጹ ሁለት ቤት ብቻ ሲያውቅ 25.38 ብሎ ያሳያችኋል። የጃፓን የን ደግሞ ምንም ቤት የለውም። ይህንን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም፤ ብራውዘሩ ውስጥ ኢንትል ነምበር ፎርማት የሚባል አለ። አገሩንና ገንዘቡን ስትነግሩት ኮማውን፣ ነጥቡን፣ የቤቱን ብዛት ያውቃል፣ በአማርኛ ከሆነ «ብር» የሚለውንም ይጽፋል። ለማሳያ እሱን ተጠቀሙ፤ በእጅ ኮማ የሚሰካ ፕሮግራም በየቢሮው እስከ ዛሬ ማየቴ ይገርመኛል።

የታሪክና የቋንቋ ሰዎች እንዳትሰለቹ አንዲት ነገር ጣል ላድርግ። የግዕዝ ቁጥሮቻችን እ.ኤ.አ. በ1999 ከፊደላችን ጋር ዩኒኮድ ውስጥ ገብተዋል፣ ድረ ገጽ ላይም ዝርዝርን በ፩፣ ፪፣ ፫ ማስቆጠር ይቻላል። ነጥብ ያለው ቁጥር ግን አይጻፍባቸውም፤ ዜሮም የላቸውም፣ የቤት ሥርዓትም የላቸውም። 7.29ን በግዕዝ ጻፍ ብትሉኝ ፯ ብር ከ፳፱ ሳንቲም ነው የምላችሁ። ሁለት ሙሉ ቁጥር፣ ነጥብ የለም፣ ግምት የለም።

የዌብ ፕሮግራሚንግ ኮርስ ለምትሰጡ መምህራን አንድ ልመና ይዤ መጥቻለሁ። ተማሪዎቻችን ቱፊክስድን በአንድ መስመር ተምረው ያልፋሉ፤ እኛም እንደዚያው ነው ያለፍነው። አንድ የቤት ሥራ ይጨመርልኝ፦ 600 ስም፣ 1,250 ብር፣ 7 በመቶ፣ የወሩ ዝርዝር ከነድምሩ። መሥራቱ ቀላል ነው። ማርኩ የሚሰጠው ግን ለሁለተኛው ክፍል ይሁን፦ ተማሪው ለቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ በአማርኛ አንድ ገጽ ይጻፍ፣ እያንዳንዷ ሳንቲም ከየት እንደመጣች፣ የቀረችውም የት እንዳለች፤ ባይነሪ የሚለውን ቃል ሳይጠራ። አንድ ገጽ ከበለጠ ይመለስበት።

መረጃውን ስም ቀይሬ በፍላሽ አምጥቼዋለሁ፤ ከምሳ በፊት ለዲፓርትመንቱ ጸሐፊ አስረክባለሁ። የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶች አብሬ ለማረም ፈቃደኛ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመቸኛል።